ከወቅቱ ያለፈ እርዳታ

በሆሳዕና ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



በሐዲያና በከምባታ ደጋ ስንዴ የሚያመርት ገበሬ ስለ ማዳበሪያ ሲጠየቅ በመጀመሪያ የሚያነሣው የኩንታሉን ብዛት ሳይሆን የሚደርስበትን ቀን ነው። ከዘር ጋር አብሮ ወደ መሬት መግባት ያለበት ማዳበሪያ ዘሩ ከበቀለ በኋላ ቢመጣ፣ ዕዳው እንዳለ ሆኖ ጥቅሙ የጎደለ ይሆናል። ዝናም ማንንም አይጠብቅምና በሰኔ የደረሰ አንድ ኩንታል በነሐሴ ከሚደርስ ሦስት ኩንታል ይበልጣል። ይህ ከእርሻ ማሳ የተገኘ ቀላል ሚዛን፣ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር ወደ ዩክሬን በመዝለቁ ስለ ተቀጣጠለው የአውሮጳ ጦርነትና በዙሪያው ስለሚሰጠው የጦር መሣሪያ እርዳታ ለሚደረግ ውይይትም የሚያገለግል ነው።

ስለዚህ ጦርነት በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በአንጋጫ ሲወራ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ የትኛው ይረታል ወደሚለው ያዘነብላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ግን ለአንደኛው ወገን ማጨብጨብ አይደለም። ሊያስረዳ የሚሞክረው አንድ ቁም ነገር ነው፤ ይኸውም የእርዳታ ክብደት በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በሚደርስበት ሰዓት እንደሚለካ፣ ሰዓቱን የሚወስነውም ተቀባዩ ሳይሆን ሰጪው መሆኑን ነው። ይህን እውነት ኢትዮጵያ ከአንድ ጊዜ በላይ በደሟ ተምራዋለች።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው የጋራ ዋስትና አገኛለሁ ብላ ነበር። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር በፓሪስ በተፈረመው ውል፣ ለመከላከያዋ የሚያስፈልጋትን የጦር መሣሪያ ከውጭ የማስገባት መብቷ ታወቀላት። ይሁን እንጂ በኅዳር 1927 ዓ.ም. ከደረሰው የወልወል ግጭት በኋላ የኢጣሊያ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ ሲከማች፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገኖች መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ክልከላው እኩልነት ያለው ይመስል ነበር። በተግባር ግን ኢጣሊያ መሣሪያዋን የምትሠራው በራሷ ፋብሪካ ስለ ነበረ፣ የተጎዳችው ፋብሪካም የባሕር በርም ያልነበራት ኢትዮጵያ ብቻ ነበረች።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ ወረራው ከተጀመረ በኋላ፣ የመንግሥታት ማኅበር ክልከላው ከኢትዮጵያ ላይ እንዲነሣ ወሰነ። ፈቃዱ መጣ፤ ወቅቱ ግን አልፎ ነበር። መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ማግኘት፣ በመርከብ ማስጫን፣ ከጅቡቲም በባቡር ወደ መሐል አገር ማድረስ ወራት የሚፈጅ ሥራ ሲሆን፣ ከወረራው መጀመሪያ እስከ ማይጨው ውጊያ ያለው ጊዜ ስድስት ወር አይሞላም። በኢጣሊያ ላይ የተጣለውም የኢኮኖሚ ማዕቀብ ዋናውን ነገር፣ ነዳጅ ዘይትን፣ ሳይጨምር ቀረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ጉባኤ ፊት ቆመው አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ፣ ወር እንኳ ሳይሞላ ያው ማዕቀብ ተነሣ።

የዩክሬን ታሪክ በሌላ መልክ ይህንኑ ያስታውሳል። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ በዩክሬን ምድር የቀረው የኑክሌር መሣሪያ በብዛቱ ከዓለም ሦስተኛ ነበር። ዩክሬን ይህን ለማስረከብ በተስማማች ጊዜ፣ ኅዳር 26 ቀን 1987 ዓ.ም. በቡዳፔስት በተፈረመው ሰነድ ሩሲያ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ነፃነቷንና ድንበሯን እንደሚያከብሩ ቃል ገቡላት። ሰነዱ ግን ቃል እንጂ ጦር የሚያዘምት ግዴታ አልነበረበትም። በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ሩሲያ ክሪሚያን ወደ ራሷ ስትጠቀልል የቃሉ ልክ ታየ።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ለዩክሬን የተሰጠው እርዳታ በእርግጥ ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም. ካገኘችው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. የ40 ያህል አገሮች ተወካዮች በጀርመን አገር በራምሽታይን የጦር ሰፈር ተሰብስበው መሣሪያ የማቀናጀቱን ሥራ ጀመሩ። አሜሪካ ብቻዋን እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. ድረስ ከ65 ቢልዮን ዶላር በላይ የሚገመት የጦር እርዳታ መስጠቷን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቷ አስታውቋል።

ይሁንና ከገንዘቡ መጠን ጎን የቀን መቁጠሪያውንም ማየት ያስፈልጋል። ዩክሬን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራ ዘመናዊ ታንክ ስትለምን፣ ጀርመን ሌዎፓርድ የተባለውን ለመስጠት የወሰነችው ጥር 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ኤፍ 16 የተባለው የጦር አውሮፕላን የደረሳት በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የጠየቁት ተጨማሪ በጀት በምክር ቤቱ የውስጥ ፖለቲካ ተይዞ ከቆየ በኋላ፣ ለዩክሬን 61 ቢልዮን ያህል ዶላር የሚመድበው ሕግ የተፈረመው ሚያዝያ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የመድፍ ጥይት ያጠረው የዩክሬን ጦር በየካቲት ወር አቭዲይቭካ የተባለችውን ከተማ ለቅቆ ወጣ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ አዲሱ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ለጥቂት ቀናት አቋርጦ እንደ ገና ቀጠለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወርም አውሮጳውያን ዋጋውን እየከፈሉ የአሜሪካን መሣሪያ ለዩክሬን የሚያቀርቡበት አዲስ ስልት ተጀመረ።

ሰጪዎቹ ለመዘግየታቸው ምክንያት አላቸው። የኑክሌር ባለቤት ከሆነች አገር ጋር ፊት ለፊት እንዳይጋጩ ይፈራሉ፤ የራሳቸው ግምጃ ቤት እንዳይራቆት ይጠነቀቃሉ፤ በምርጫ የሚጠይቃቸው ሕዝብም አላቸው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሰጪው ምክንያቶች ናቸው፤ በምሽግ ውስጥ ያለውን ወታደር ሰዓት አይጨምሩለትም። ሩሲያም ብትሆን ከኢራን ሰው አልባ አውሮፕላን፣ ከሰሜን ኮሪያ የመድፍ ጥይትና ወታደር እስከ መቀበል መድረሷ፣ ረጅም ጦርነት ታላላቆቹንም የሌላ እጅ እንደሚያሳያቸው ያመለክታል።

ሌላው የኢትዮጵያ ተሞክሮ ሰጪው ወገን ሊለውጥ እንደሚችል ያስተምራል። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተደረገው የመከላከያ ስምምነት መሠረት የኢትዮጵያ ሠራዊት ከሃያ ዓመታት በላይ በአሜሪካ መሣሪያ ሲደራጅ፣ ሶማሊያ በሶቪየት ኅብረት መሣሪያ ትታጠቅ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካና የደርግ ግንኙነት ሲሻክር ዋጋው የተከፈለበት መሣሪያ ሳይቀር ታገደ። በዚያው ዓመት በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር፣ ሶቪየት ኅብረት የቀድሞ ወዳጇን ትታ ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፕላንና በመርከብ ብዙ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ አጓጓዘች፤ የኩባ ወታደሮችም ተሰለፉ፤ ጅጅጋም በየካቲት መጨረሻ ነፃ ወጣች። ያ እርዳታ በወቅቱ ደርሷል ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሆኖም ዕዳው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ለተከታዩ መንግሥት ተላልፏል፤ ሶቪየት ኅብረት በራሷ ችግር ስትዳከምም የአቅርቦቱ ምንጭ ነጥፏል።

ይህ ሁሉ ታሪክ ያላት አገር በአዲሱ ጦርነት ፊት የወሰደችው አቋም ለብዙ መምህራን የክፍል ጥያቄ ሆኗል። የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ሩሲያ ከዩክሬን እንድትወጣ ሲጠይቅ፣ 141 አገሮች ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 35 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ድምፅ ካልሰጡት አገሮች አንዷ ሆነች። መጋቢት 29 ቀን ሩሲያ ከሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት እንድትታገድ በቀረበው ውሳኔ ላይ ግን የተቃውሞ ድምፅ ሰጠች። በጄኔቭ አቤት ያለች አገር እንዴት ዝም ትላለች የሚሉ አሉ። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሳቢያ ከምዕራባውያን በኩል ጫና ሲበረታ ሩሲያና ቻይና በጸጥታው ምክር ቤት መከላከላቸውን የሚያስታውሱም አሉ። መምህር ሁለቱንም አሳቦች ለተማሪው ማቅረብ ይገባዋል። ድምፅ መንፈግ የመንግሥት ፖሊሲ ሊሆን ይችላል፤ ታሪክን መንፈግ ግን የመምህርነት ሙያ አይፈቅደውም።

የተከበራችሁ አባላት፤ ጦርነቱ ከሆሳዕና እጅግ ሩቅ ነው፤ ዋጋው ግን ሩቅ አልሆነም። ነሐሴ 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ 23,000 ቶን የእርዳታ ስንዴ ለኢትዮጵያ ጭና ከዩክሬን ወደብ ተነሣች፤ በወሩ መጨረሻ ጅቡቲ ደረሰች። ለዚህ ያበቃው ሐምሌ 15 ቀን በኢስታንቡል የተፈረመው የጥቁር ባሕር የእህል ስምምነት ነበር። ያም ስምምነት ሩሲያ ከዚያ በመውጣቷ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. አበቃ። የተራበ ሰው ጉሮሮ በሁለት ተዋጊዎች ፊርማ ሲከፈትና ሲዘጋ ማየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይጠይቅም።

የማዳበሪያው ነገር ለሐዲያና ለከምባታ ይበልጥ ቅርብ ነው። ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ሲሆን፣ ሩሲያ የጋዝም የማዳበሪያም ታላቅ ሻጭ ናት። በዓለም ገበያ የአንድ ቶን ዩሪያ አማካይ ዋጋ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2020 ከ250 ዶላር በታች የነበረ ሲሆን፣ በ2022 የሚያዝያ ወር ከ900 ዶላር በላይ ሆነ። ጭማሪው ከጦርነቱ በፊት የጀመረ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ ጦርነቱ ግን አባባሰው። ማዳበሪያ ከውጭ የምታስገባው ኢትዮጵያ ይህን ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ከፍላ፣ ከጅቡቲ በመኪና አጓጉዛ፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በኩል ለገበሬው ታደርሳለች። ገበሬው መክፈል ሲያቅተው ዕዳው ወደ ወረዳው በጀት ይዞራል። በሐዲያ ዞን ወረዳዎች የመምህራንና የጤና ሠራተኞች ደመወዝ በዘገየባቸው በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በአደባባይ ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የማዳበሪያ ዕዳ ነው። የዕዳ አሰባሰብ ድክመትና የአገር ውስጥ ግጭትም በምክንያትነት የሚቆጠሩ ስለ ሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በአውሮጳ ላይ መጫን ግን ትክክል አይሆንም።

በዚህ አካባቢ እንሰት የሚከበርበት ምክንያት ከዚህ ጋር ይያያዛል። እንሰት በቤት ፍግ ይለማል፤ ለዓመታት በጓሮ ይቆማል፤ ቤተሰቡ በቸገረው ሰዓት ይቆረጣል። ስንዴ አይዘራ ለማለት አይደለም፤ ከተማው ዳቦ ይፈልጋልና። ሰዓቱ በባለቤቱ እጅ ያለ ሀብት ምን ያህል ነፃነት እንደሚሰጥ ለማሳየት ነው።

ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ጦርነቱን እንደ ኳስ ጨዋታ ከመደገፍና ከመንቀፍ ይልቅ ቀኑን፣ ውሉንና ውጤቱን እያስተያዩ ማስተማር ነው። ሁለተኛ፣ ወጣቶችን ማስጠንቀቅ ነው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሩሲያ ኤምባሲ ደጃፍ ለመዝመት የተሰለፉ ኢትዮጵያውያን ታይተዋል፤ ኤምባሲውም ወታደር እንደማይመለምል አስታውቋል። ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚወስደው አስቸጋሪ መንገድ ብዙ ልጆቿን የላከች ምድር፣ ለሌላ ሰው ጦርነት የሚከፈል ደመወዝ ምን እንደሚያስከፍል ለተማሪዎቿ ቀድማ ልትነግራቸው ይገባል። ሦስተኛ፣ በየወረዳው ማዳበሪያ የደረሰበት ቀን፣ ዋጋውና ዕዳው በየዓመቱ እንዲመዘገብ፣ የሒሳብና የጂኦግራፊ ተማሪዎችም በዚያ መዝገብ እንዲለማመዱ ማድረግ ነው። የዘገየውን ቀን በጽሑፍ የያዘ ሰው በሚመጣው ዓመት በሚያዝያ ወር መጠየቅ ይችላል፤ ያልያዘ ግን በነሐሴ ሲያጉረመርም ይገኛል።