በኦፒዮይድ ሱስ ለተያዙ ሕሙማን ስለሚሰጠው ሕክምና



ዛሬ በአሜሪካ ስላለው የኦፒዮይድ፥ ማለት የሄሮይንና የመሰሉት አደንዛዦች፥ ሱስ ሕክምና ስናገር፥ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየጠራሁ፥ ከፍርድ ቤት መነሣት ግድ ይሆንብኛል። በ1914 አደንዛዥ ዕፆችን የሚቈጣጠረው ሀሪሰን የተባለው ሕግ ታውጆ፥ በ1919 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሱሰኛን በልማዱ ለማቆየት ሲባል የሚጻፍ ማዘዣ የሕክምና ማዘዣ ሊባል አይገባውም ብሎ ስለ ፈረደ፥ ሐኪሞች ወህኒን ፈርተው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በደዌ የተያዘውም ሰው እንደ ወንጀለኛ እየተቈጠረ ለብዙ ዘመን ከሐኪም ደጅ ርቆ ኖረ።

ይህን ዘመን ከለወጡት ሰዎች ቀድመው የሚጠሩት በኒውዮርክ በሮክፌለር ተቋም የሠሩት ዶክተር ቪንሰንት ዶልና ዶክተር ማሪ ናይስዋንደር ናቸው። እነርሱ በ1965 የ22 የሄሮይን ሱሰኞችን ሕክምና ገልጠው በጻፉ ጊዜ፥ በቀን አንድ ጊዜ በአፍ የሚወሰደው ሜታዶን የተባለው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ፥ ሄሮይን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሽቅብ አውጥቶ ቍልቍል የሚጥለውን ሰው በአንድ ደረጃ አጽንቶ እንደሚያኖረው፥ መጠኑ በትክክል ከተወሰነለትም ሳያሰክረው ብርቱ አምሮቱን እንደሚያበርድለት፥ ወደ ሥራውና ወደ ትምህርቱም ለመመለስ እንደሚያስችለው አስረዱ።

«ይህማ አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መለወጥ ነው» የሚሉ፥ ልባቸው ቅን የሆነ ሰዎችም ጭምር፥ ዛሬም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሥጋ መድኃኒትን መልመዱና ፈቃድ በሱስ መማረኩ የተለያዩ ናቸው፤ የስኳር ሕመምተኛ ዕድሜውን ሙሉ ኢንሱሊን ቢወስድ የኢንሱሊን ባሪያ ሆነ የሚለው የለም። ሜታዶን ወይም ቡፕሬኖርፊን የተባለውን ሌላውን የዚህ ሱስ መድኃኒት የሚወስድ ሕሙም ካልታከመው ይልቅ ከሞት እጅግ የራቀ መሆኑ ተመርምሮ ታውቋል፤ መድኃኒቱን አቋርጦ ወደ ሄሮይን የተመለሰ ሰው ግን፥ ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን መሸከም ትቷልና፥ ትንፋሹ ተቋርጦ ሊሞት ይችላል።

ሜታዶን ለሱስ ሕክምና የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት መርምሮ የምስክር ወረቀት በሰጣቸው የሕክምና ጣቢያዎች ነው። ባልለመደው ሰው፥ ይልቁንም በሕፃን እጅ ቢገባ ይገድላልና ጥበቃው ተገቢ ነው። ሆኖም ሥራና ልጆች ያሉት ሰው ለብዙ ዓመታት በየማለዳው ተሰልፎ በነርስ ፊት እንዲጠጣ መገደዱ፥ በእኔ ዘንድ፥ ከጥበቃ አልፎ ቅጣት ነበር። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ጥብቅነቱ ላላ፤ የ2024ቱም ደንብ አንድ ወር የታከመ ሕሙም ሐኪሙ ካመነበት እስከ 28 ቀን የሚበቃውን ወደ ቤቱ እንዲወስድ ፈቀደ።

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ፥ አባቶች ካህናትም፤ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን አስታውሱ። እንዲሁ እናንተም ልጃችሁ ይህን የሱስ ሕክምና ጀምሮ እንደ ሆነ «መቼ ታቆማለህ?» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ ጸልዩለት፥ ወደ ጣቢያውም አድርሱት።