ወይዘሮ ሀቲ ማክዳንኤል፤ የሲኒማ ተዋናይት
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት የሲኒማ ተዋናይት ሕይወትና ሥራ ነው። ስማቸው ወይዘሮ ሀቲ ማክዳንኤል ይባላል። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 በሎስ አንጀለስ ከተማ፥ በአምባሳደር ሆቴል አዳራሽ፥ የአሜሪካ የሲኒማ አካዳሚ የዓመቱን ሽልማት ሰጠ። ሆቴሉ ጥቁር ሰው በእንግድነት የማይቀበል ነበርና ወይዘሮ ሀቲ እንዲገቡ የፊልሙ አዘጋጅ ዴቪድ ሴልዝኒክ በተለይ ማስፈቀድ ነበረባቸው። ከገቡም በኋላ ከፊልሙ ባልደረቦቻቸው ጋራ አልተቀመጡም፤ በአዳራሹ ዳርቻ፥ በግድግዳው ሥር ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ቦታ ተሰጣቸው። ለረዳት ተዋናይት የተመደበውን የኦስካር ሽልማት የተቀበሉት እንግዲህ ከዚያች ጠረጴዛ ተጠርተው ነው። ከርሳቸው በፊት ከጥቁር ሕዝብ ወገን ይህን ሽልማት ያገኘ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ አልነበረም። ከተወዳዳሪዎቻቸውም አንዷ በዚያው ፊልም አብረዋቸው የሠሩት ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ነበሩ። ወይዘሮ ሀቲ ባሰሙት አጭር ንግግር ለዘራቸውና ለሲኒማ ሥራ ሁልጊዜ መመስገኛ ለመሆን ተስፋ እንደሚያደርጉ ተናገሩ፤ እንባም ስለ ቀደማቸው ብዙ ሳይሉ ተመለሱ።

የተወለዱት በ1893 በካንሳስ ግዛት፥ በዊቺታ ከተማ ሲሆን፥ አባታቸውም እናታቸውም በባርነት የኖሩ ነበሩ። አባታቸው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሰሜኑ ሠራዊት ጋራ ተሰልፈው ተዋግተዋል። ቤተ ሰቡ ወደ ኮሎራዶ ከተሻገረ በኋላ ወይዘሮ ሀቲ በዴንቨር ከተማ መዝፈንና ቴያትር መጫወት ጀመሩ። በ1929 የአሜሪካ ንግድ በወደቀ ጊዜ ግን ሥራ አጥተው፥ በሚልዋኪ ከተማ ባንድ የምሽት ቤት በሴቶች መታጠቢያ ክፍል አገልጋይነት ተቀጠሩ። በኋላ መድረክ ላይ ወጥተው እንዲዘፍኑ ቢፈቀድላቸው ሰው ሁሉ ስለ ወደዳቸው የቤቱ ዘፋኝ ሆኑ። በ1931 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ፤ እዚያም የፊልም ሥራ እስኪገኝ ድረስ በሰው ቤት ያበስሉና ልብስ ያጥቡ ነበር።

ያሸለማቸው ፊልም የተሠራበትን የማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ የአገራችን አንባቢ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ስም ያውቀዋል፤ ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳሉ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፉ የተረጐሙት ነው። በ1939 የወጣው ፊልም የአሜሪካን ደቡብ የባሪያ አሳዳሪዎች ዘመን እንደ ጣፋጭ ሕልም አድርጎ ስለሚያሳይ ብዙ ጥቁሮች ተቃውመውታል፤ ተቃውሟቸውም ተገቢ ነበር። ወይዘሮ ሀቲ የተጫወቱት የቤቱን ሞግዚት ነው። ሁሉም «ማሚ» እያለ ይጠራታል እንጂ ሌላ ስም እንኳ የላትም። ነገር ግን ሕፃኒቱ ከሞተች በኋላ ማሚ ከሜላኒ ጋራ ደረጃውን እየወጣች የቤቱን ኀዘን የምትተርክበትን ስፍራ ያየ ሰው፥ ደራሲው ስም የነፈጋትን ሴት ተዋናይቱ ሙሉ ሰው አድርገው እንዳቆሟት ያስተውላል። ፊልሙ በአትላንታ ከተማ መጀመሪያ በታየ ጊዜ በዘር መለያየት ሕግ ምክንያት ጥቁሮቹ ተዋንያን አልተገኙም።

ከሽልማቱም በኋላ የሚሰጣቸው ሥራ ያው የገረድ ሥራ ሆነ። በ1942 የጥቁር ሕዝብ መብት ማኅበር መሪ ዋልተር ኋይት ወደ ሆሊዉድ መጥተው፥ ጥቁር ሰው በፊልም ከሎሌነት ሌላ ቦታ እንዲሰጠው ጠየቁ። ወይዘሮ ሀቲ ይህን እንጀራቸውን እንደ መንካት ቈጠሩት። ገረድ መስሎ መጫወት ገረድ ሆኖ ከማደር ይሻላል፥ የደመወዙም ልዩነት ቀላል አይደለም ይሉ ነበር ይባላል። በደመወዝ የሚያድር ሰው ይህን መልስ የሚንቀው አይመስለኝም። ዋልተር ኋይትም የተናገሩት እውነት ነበር። እኔን ቅር የሚያሰኘኝ፥ ሁለቱ ሲካሰሱ ሥራውን የሚያድሉት የስቱዲዮ ጌቶች ዳር ቆመው መመልከታቸው ነው።

ይሁን እንጂ ወይዘሮ ሀቲ መብታቸውን የማያውቁ ሰው አልነበሩም። ሹገር ሂል በሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር ቤት በገዙ ጊዜ፥ አንዳንድ ነጮች ጎረቤቶች «በዚህ ሰፈር ጥቁር እንዳይኖር ውል አለ» ብለው ከሌሎች ጥቁሮች ባለቤቶች ጋራ ከሰሷቸው። ወይዘሮ ሀቲ ከጎረቤቶቻቸው ጋራ ተባብረው ተከራከሩ፤ በ1945 ዳኛው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ጠቅሰው ክሱን ሰረዙት። ከሦስት ዓመት በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ማናቸውም ፍርድ ቤት እንዳያስፈጽም ወሰነ።

ከ1947 ጀምሮ «ቢዩላ» በተባለው የሬዲዮ ጨዋታ ዋና ተዋናይት ሆነው ሠሩ፤ እዚያም የቤት ሠራተኛ ነበሩ። ኦክቶበር 26 ቀን 1952 በካንሰር በሽታ ዐረፉ። በሆሊዉድ መቃብር ለመቀበር ተናዘው ነበር፤ ነገር ግን ስፍራው ጥቁር ስለማይቀበል አስከሬናቸው በሮዝዴል መቃብር ዐረፈ። በ1999 የሆሊዉዱ መቃብር አዲስ ባለቤት ዐፅማቸው እንዲዛወር ቢጠይቁ ቤተ ሰቡ አልፈቀደም፤ በዚያ ቦታ የመታሰቢያ ድንጋይ ብቻ ቆመላቸው።

ሽልማታቸውን በኑዛዜ ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ትተውት ነበር። ሽልማቱ ግን ከዩኒቨርሲቲው ጠፍቶ ቀረ። ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት ዉፒ ጎልድበርግ ይህንኑ ሽልማት እስኪቀበሉ ድረስ 51 ዓመት አልፏል። በ2023 አካዳሚው በጠፋው ምትክ ሌላ አሠርቶ ለዩኒቨርሲቲው አስረከበ።