«ቴክ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ ፍቺና አጠቃቀም



በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የአብዛኞቹ ትምህርቶች ማስተማሪያ ይሆናል። ስለዚህ በታችኛው ክፍል በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ የአንድ ቃል ፍቺ ጐደሎ የሆነ እንደ ሆነ፥ ጉድለቱ በዚያው ክፍል አይቀርም፤ ከተማሪው ጋር አብሮ እያደገ በሒሳብም በታሪክም በሳይንስም ያሰናክለዋል። ለዚህ ነገር «ቴክ» ከሚባለው ግስ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ቃሉ አጭር ነው፤ በየገጹ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም «ቴክ ማለት ወሰደ ማለት ነው» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል።

«ወሰደ» የሚለው ፍቺ ሐሰት አይደለም። አባት ልጁን ወደ ሐኪም ቤት ሲወስድ፥ ሌባ ከረጢት ሲወስድ፥ እንግሊዝኛው «ቴክ» ይላል፤ አማርኛውም «ወሰደ» ይላል። ሁለቱ ቋንቋዎች እስከዚህ ድረስ አብረው ይጓዛሉ። ከዚህ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። በእንግሊዝኛ እንግዳ ወንበር «እንዲወስድ» ይጋበዛል፤ በአማርኛ «ይቀመጡ» ይባላል። በእንግሊዝኛ ሕመምተኛው መድኃኒት «ይወስዳል»፤ በአማርኛ ይጠጣል ወይም ይውጣል። እንዲሁም በአማርኛ ፎቶግራፍ ይነሣል፥ ማስታወሻ ይያዛል፥ በአውቶቡስ ይሳፈራል፥ ሥራም ጊዜ ይፈጃል፤ እንግሊዝኛ ግን ለእነዚህ ሁሉ ያንኑ «ቴክ» የተባለውን ግስ ያዛል። ከኋላው ትንሽ ቃል ሲከተለውም ፍቺው እንደገና ይለወጣል። «ቴክ ኦፍ» ለልብስ ሲነገር ማውለቅ፥ ለአውሮፕላን ሲነገር ከምድር መነሣት ነው፤ «ቴክ ኦቨር» ሥራን ወይም ሥልጣንን መረከብ ነው፤ «ቴክ አፍተር» ደግሞ ልጅ አባቱን ወይም እናቱን በመልክና በጠባይ መምሰሉ ነው።

ይህ ሁሉ ፍቺ የተበታተነ ቢመስልም አንድ ሥር አለው። «ቴክ» ከጥንት እንግሊዝኛ የተወለደ ቃል አይደለም። በዘጠነኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ከስካንዲናቪያ መጥተው በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩ ሰዎች ይዘውት የመጡት ነው። በእነርሱ ቋንቋ «ታካ» ይባል ነበር፤ ፍቺውም በእጅ መያዝ፥ መጨበጥ፥ የራስ ማድረግ ነው። ከዚያ አስቀድሞ እንግሊዞች በዚህ ቃል ፈንታ «ኒማን» ይሉ ነበር፤ ይኸውም ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ኔመን» ለሚሉት ግስ ዘመድ ነው። እንግዳው ቃል ግን ባለቤቱን ቀስ በቀስ ገፍቶ አስወጣው። የአሮጌው ግስ ርዝራዥ ከቀረባቸው ጥቂት ቃላት አንዱ «ነም» ነው፤ ዛሬ እጅ በብርድ ሲደነዝዝ የሚነገር ሲሆን፥ ጥንተ ፍቺው «የተያዘ» ማለት ነበር።

ይህ ታሪክ ለመምህሩ ጥቅም አለው። የ«ቴክ» ሥር ከስፍራ ማራቅን ሳይሆን መያዝን የሚያመለክት ስለ ሆነ፥ በብዙ ስፍራ ከ«ወሰደ» ይልቅ «ያዘ» ወይም «ተቀበለ» የሚሉት ግሶች ይቀርቡታል። ወንበር የሚይዝ፥ ማስታወሻ የሚይዝ፥ ምክር የሚቀበል፥ ኀላፊነት የሚቀበል ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛ «ቴክ» በሚለው ግስ ይነገርለታል። ተማሪው ይህን ሥር አስቀድሞ ከተረዳ፥ ቅርንጫፎቹ ያን ያህል አያስፈሩትም።

ሥሩን ሳያውቅ «ወሰደ» የሚለውን ብቻ ይዞ ወደ ላይኛው ክፍል የሚወጣ ተማሪ የሚያገኘው ችግር ቀላል አይደለም። የታሪክ መጽሐፍ የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መደረጉን ሲናገር «ቱክ ፕሌስ» ይላል። «ቱክ» የ«ቴክ» ኀላፊ ጊዜ ነው፤ «ፕሌስ» ስፍራ ነው። በቃል በቃል የሚተረጉም ተማሪ ጦርነቱ ስፍራ የወሰደ፥ ወይም አንዱ ወገን ከሌላው መሬት የነጠቀ ይመስለዋል፤ የተጻፈው ግን «ተደረገ» ብቻ ነው። በሒሳብ ከ15 ላይ 7ን «ቴክ» ሲባል ቀንስ ማለት ነው፤ መልሱም 8 ነው። ኤክስን 5 አድርገህ «ቴክ» ሲባል ግን የሚቀነስ ነገር የለም፤ «ኤክስ 5 ነው እንበል» ማለት ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ፈተናውን ሲወድቅ ሒሳብ እንደማያውቅ ይቈጠራል፤ ያልገባው ግን ሒሳቡ ሳይሆን ግሱ ሊሆን ይችላል።

ስሕተቱ በተቃራኒው መንገድም ይመጣል። በአማርኛ ሰው «እንቅልፍ ወሰደው» ይባላል። ተማሪው ይህን በእንግሊዝኛ «ስሊፕ ቱክ ሂም» ብሎ ቢጽፍ፥ እያንዳንዱ ቃል ትክክል ሆኖ ሳለ በተለመደው እንግሊዝኛ እንዲህ አይነገርም፤ እንግሊዛዊው «ሂ ፌል አስሊፕ»፥ ማለት «በእንቅልፍ ወደቀ» ይላል።

ከዚህም የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው በራሱ በአማርኛ ላይ የሚደርሰው ነገር ነው። «ተፈተነ» የሚለው አንድ ቃል እያለ «ፈተና ወሰደ»፥ «ገላውን ታጠበ» እያለ «ሻወር ወሰደ»፥ «ጊዜ ይፈጃል» እያለ «ጊዜ ይወስዳል» ማለት እየተለመደ ሄዷል። ቃል መዋስ ነውር አይደለም፤ እንግሊዝኛ ራሱ «ቴክ»ን ያገኘው በመዋስ ነው። የጐደለውን ለመሙላት መዋስና ያለውን ጥሎ መዋስ ግን አንድ አይደሉም። አማርኛ ለመጠጣት፥ ለመሳፈር፥ ለማንሣትና ለመፈጀት ለየብቻ ግስ አለው፤ ይህን መለያየት ያጣ ልጅ እንግሊዝኛውን ሳያገኝ አማርኛውንም ያጣል።

መድኀኒቱ ከአገሩ ልማድ የራቀ አይደለም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ግስ ያጠናል፤ ነገር ግን በግስ ብቻ አይሰናበትም፤ እርባታውንና አገባቡንም ይማራል፤ አንዱ ግስ ሰምም ወርቅም ሊሸከም እንደሚችል ያውቃልና። የእንግሊዝኛ መምህርም «ቴክ»ን ለብቻው ከመስጠት ይልቅ ከባልንጀራው ጋር፥ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ቢሰጥ ይበጃል። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 በቪስባደን ያሳተሙት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት የተከተለው መንገድ ይኸው ነው፤ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ዐረፍተ ነገሩን ይተረጕማል። ከዚያም መምህሩ ጥያቄውን ቢገለብጠው መልካም ነው፤ ይኸውም «መድኃኒት ጠጣ»፥ «ፎቶግራፍ አነሣ»፥ «ማስታወሻ ያዘ» የሚሉትን ሰጥቶ ተማሪዎቹ የእንግሊዝኛውን ግስ እንዲፈልጉ ማድረግ ነው። ሦስቱም በአንድ ግስ እንደሚነገሩ በራሳቸው ሲደርሱበት ነገሩን አይረሱትም።

ይህ ግን የእንግሊዝኛ መምህር ብቻ ሸክም አይደለም። የሒሳብ መምህሩ «ቴክ» በሒሳብ ምን እንደሚሠራ፥ የታሪክ መምህሩም በታሪክ ምን እንደሚሠራ በየትምህርታቸው ሊያስረዱ ይገባል። የፈተና አዘጋጆችና የትምህርት ሹማምንትም አንዱን ቃል በአንድ ቃል ብቻ የሚያስመልስ ጥያቄ ቢያሳንሱ፥ መምህሩ በክፍል ውስጥ የሚደክምበትን ያግዛሉ። ከጥቁር ሰሌዳው ላይ «ቴክ ማለት ወሰደ ማለት ነው» የሚለው መስመር መፋቅ የለበትም፤ ነገር ግን ከሥሩ ሌሎች መስመሮች ሊጨመሩለት ይገባል።