«ድብ ነው» የተባለው ጠባሳ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናወራው ስለ ቁጠባና ብድር ሂሳብ ሳይሆን ስለ አንድ ልብ ወለድ ነው። ምን አገናኛቸው እንዳትሉን፤ ነገሩ መጨረሻው ወደየቤታችን ይመጣል።

መጽሐፉ «ኒው ሙን» ይባላል። አሜሪካዊቷ ስቴፈኒ ሜየር የጻፈችው የ«ትዋይላይት» ተከታታይ ሁለተኛ ክፍል ሲሆን፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሞ በ2009 ፊልም ሆኗል። ሴቶች ልጆቻችን ፊልሙን በስልካቸው ሲያዩት አብረን አየን፤ ከዚያ መጽሐፉን ተከታተልን። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል እየሰማን ስላደግን፣ ሰው ተኩላ ሆነ ቢሉን ብዙም አልገረመን።

ታሪኩ የሚካሄደው በዋሽንግተን ግዛት፣ ዝናብ በማይለያት ፎርክስ በተባለች ትንሽ ከተማና በአካባቢዋ ነው። ቤላን የምትወደው ኤድዋርድ ጥሏት ይሄዳል። ደራሲዋ የቤላን ሐዘን አልዘረዘረችም፤ ከኦክቶበር እስከ ጃኑዋሪ የወራቱን ስም ብቻ ጽፋ ገጾቹን ባዶ ትታቸዋለች። ሐዘን የደረሰባት ሴት ያንን ባዶ ገጽ ታውቀዋለች። ከዚያ ያወጣት ጃኮብ የተባለው ወጣት ነው። አሮጌ ሞተር ሳይክሎች እየጠገነላት፣ እያሳቃት ሰው አደረጋት። ብዙዎቻችን ወደድነው። በኋላ ግን እሱም እንደ ጓደኞቹ ሲናደድ ወደ ተኩላነት የሚለወጥ ሆነ። ጃኮብ የተወለደበት የክዊሊዩት ሕዝብ በእውነት ያለ ሕዝብ ነው፤ ይህ የፍቅር ታሪክ ግን የደራሲዋ ፈጠራ እንጂ የእነሱ ትረካ አይደለም።

እኛን ያከራከረችን ግን ዋናዋ ባለታሪክ አይደለችም፤ ኤሚሊ ናት። ኤሚሊ የተኩላዎቹ አለቃ የሳም እጮኛ ናት። ሳም አንድ ቀን አጠገቧ ቆሞ ተናደደ፤ በዚያው ቅጽበት ተለወጠ፤ ጥፍሩ ፊቷን ከፀጉሯ ሥር እስከ አገጯ ቧጨረው። ለሰው የተነገረው «ድብ ነው» ተብሎ ነው። ቤላ መጀመሪያ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከልጆቹ አንዱ ፊቷን ትኩር ብላ እንዳታይ ያስጠነቅቃታል፤ ምክንያቱም ሳምን ይከፋዋል። ኤሚሊ ለሁሉም ምግብ ስታቀርብ፣ ሳም ገብቶ ጠባሳውን ሲስም እናያለን።

ከእኛ ግማሾቹ «ተጸጽቷል፣ ይንከባከባታል፣ ሆን ብሎም አይደለም» አሉ። አንዲት እናት ግን «እንዳይታይ የተባለው ለማን ሐዘን ነው? ለእሷ ወይስ ለእሱ?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ጸጥ አለ።

እኛ የሂሳብ ሠራተኞች የምናውቀው ነገር አለ። አንድ ወጪ በሌላ ርእስ ቢመዘገብም ሚዛኑ ይገጥማል፤ መዝገቡ ግን እውነቱን አይናገርም። «ድብ ነው» እንደዚያ ነው። በእኛ ሰፈር ድብ የለም፤ «በር መታኝ» እና «ደረጃ ላይ ወደቅኩ» ግን አሉ። ስንቶቻችን ሰምተን «እግዜር ይማርሽ» ብለን አልፈናል? እንዳናይ የነገረን እንኳ ሳይኖር ፊታችንን አዙረናል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን ዝምታችን ራሱ ነቅዟል።

ለሴቶች ልጆቻችንም እንንገራቸው። በሦስተኛው መጽሐፍ ጃኮብ ቤላን ሳትፈቅድ በግድ ይስማታል። በቡጢ ስትመታው የተሰበረው የእሷው እጅ ነው፤ አባቷም የሚያበረታታው ልጁን ነው። መጽሐፉን አያንብቡ አንልም። አብረን እናንብብ፤ እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ቆም ብለን እንጠይቃቸው።

በመጨረሻ በሦስት ነገር ተስማምተናል። እህታችን ተጎድታ ስትመጣ በሰው ፊት አንጠይቃትም፤ ለብቻዋ ግን ሳንጠይቃት አናድርም። የነገረችን ነገር ከመካከላችን አይወጣም። የእያንዳንዷ የቁጠባ ደብተርም በራሷ ስምና በራሷ እጅ ይሆናል፤ መሄጃ ገንዘብ የሌላት ሴት «ድብ ነው» ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አላት? ደጋፊዎቻችን፣ ለማኅበራችን የምትሰጡት ገንዘብ ለዚህም እንደሚውል እወቁልን።