የቸርኬው ዕዳ፦ በራሳቸው ኪስ ስለሚወዳደሩ ሰዎች
(በወረታ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለፎገራ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። በአሜሪካ ስለሚካሄድ የመኪና ሽቅድምድም፣ በተለይም ያለ በቂ ገንዘብ ስለሚሽቀዳደሩ ሰዎች እናገራለሁ። ነገር ግን መነሻዬ እዚሁ ወረታ ነው።

ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ከወረታ እስከ ሐሙሲት በተካሄደ የብስክሌት ውድድር ገብቶ ነበር። ብስክሌቱ የኪራይ ነበር። ሜዳው ላይ ሁሉንም ቀድሞ ሄደ፤ ጠጠርና ጉድጓድ ወደበዛበት ስፍራ ሲደርስ ግን ቀዝቀዝ አለ፤ ሁለት ልጆችም አለፉት። ማታ አባታችን «ምን ነካህ?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ቸርኬው ቢጎብጥ ማን ይከፍላል?» ሲል መለሰ። አሸናፊው የራሱ ብስክሌት የነበረው ልጅ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ዛሬም ስለ ድህነትና ስለ ውድድር ባስተማርኩ ቁጥር ያች ጥያቄ ትመጣብኛለች።

ስቶክ ካር የሚባለው ሽቅድምድም ስያሜውን ያገኘው ከፋብሪካ እንደወጡ ለገበያ በሚቀርቡ ተራ መኪኖች ይደረግ ስለነበር ነው። ውድድሩን የሚመራው ናስካር እ.ኤ.አ. በ1948 ተቋቋመ። በዚያ ዓለም ዌንዴል ስኮት የሚባል ከቨርጂኒያ ግዛት የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ሞተሩን የሚፈታውም የሚገጥመውም ራሱ ሲሆን፣ ረዳቶቹ የገዛ ልጆቹ ነበሩ። ሀብታሞቹ ቡድኖች አዲስ ሞተር ሲያስገቡ እርሱ አሮጌ መኪናና ያገለገለ ዕቃ እየገዛ ይጠግን ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 በፍሎሪዳ ጃክሰንቪል አሸነፈ፤ የዕለቱ ክብር ግን በመጀመሪያ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ አሸናፊነቱ የታወጀለት ከሰዓታት በኋላ ነው። አምስት መቶ ለሚጠጉ ውድድሮች ተሰልፎ በዚህ ታላቅ ደረጃ ያሸነፈው ያንኑ አንዱን ብቻ ነው። በዚያው ደረጃ ሌላ ጥቁር አሽከርካሪ ሲያሸንፍ ለማየት እስከ 2021 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ።

የዘር አድልዎው የማይካድ ነው። ዛሬ የማተኩረው ግን ከአድልዎው ጎን በቆመው በሌላው ባላጋራ፣ በጥገና ሂሳብ ላይ ነው። በራሱ ኪስ የሚወዳደር ሰው ሁለት ተጋጣሚዎች አሉት፤ አንደኛው ከፊቱ ያለው መኪና፣ ሁለተኛው በመሪው ሥር ያለው የራሱ መኪና ነው። መኪናው ከተጋጨ የሚቀጥለው እሑድ ውድድር የለም። ስለዚህ ባለጸጋው ሊያሸንፍ ሲነዳ፣ ድሃው ላለመሰበር ይነዳል። የገንዘብ እጥረት ፍጥነትን ብቻ አይቀንስም፤ ሰውየው የሚወስነውን ውሳኔ ሁሉ ይለውጣል።

ነገሩ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በተለይ ከእ.ኤ.አ. 2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ አንዳንድ ደካማ ቡድኖች ለውድድሩ ካለፉ በኋላ ጥቂት ዙር ብቻ ነድተው ይወጡ ነበር። ምክንያቱ የሂሳብ ነው። የመጨረሻው ተወዳዳሪም ቢሆን የሚደርሰው ክፍያ ነበረ፤ ጎማና ሞተር ሳይጨርሱ ያንን መቀበል እስከ መጨረሻው ከመንዳት ይልቅ አዋጭ ነበር። ተመልካቹ አፌዘባቸው። እኔ ግን እንደ ኢኮኖሚ መምህርነቴ ስፍር የሌለው ስንፍና ሳይሆን ጥንቁቅ ስሌት ይታየኛል።

ሁሉም አልተሸነፈም። አለን ኩልዊኪ የተባለ መሐንዲስ የሀብታም ቡድን ጥሪን አልቀበልም ብሎ የራሱን ትንሽ ቡድን መራ። እ.ኤ.አ. በ1992 የመጨረሻው ውድድር ላይ በስንት ዙር ቢመራ ተጨማሪ ነጥብ እንደሚያገኝ አስልቶ በመንዳት፣ በውድድሩ ሁለተኛ ቢወጣም የዓመቱን ሻምፒዮና በ10 ነጥብ ልዩነት ወሰደ። በ1993 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። እርሱን የምናደንቀው ግን ብዙዎቹ ስለማይችሉት መሆኑን አንርሳ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መጀመሪያ በተሳተፈችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር፤ በቡድን ዘጠነኛ ወጡ። ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሩጫችን ገነነ፤ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ፣ ጸጋቡ ግርማይን፣ ያየነው ግን በ2016 ነው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ይሁንና እግር መለዋወጫ አይጠይቅም፤ ብስክሌት ግን ሰንሰለቱም ጎማውም በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። ስንት ጎበዝ ብስክሌተኛ ቸርኬውን ሲጠብቅ እንደቀረ ማን ቆጠረው?

አሁን ወደ ርብና ጉማራ ዳርቻ ልውሰዳችሁ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ገበሬው ውኃ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት ይተክላል። ታላቅ ወንድሜም ከእነዚህ አንዱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማሳው ግማሹን ብቻ ሽንኩርት ተክሎ፣ ግማሹን ጓያ ዘርቶ አገኘሁት። እኔም በተማረ ሰው ኩራት፣ «ሽንኩርት የበለጠ እንደሚያስገኝ እያወቅህ ለምን ፈራህ?» ስል ገሠጽኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ሞተሩ የኪራይ ነው። መሃል ላይ ቢበላሽ፣ ወይም ዋጋው ቢወድቅ፣ ቸርኬውን ማን ይከፍላል?» አለኝ። ያን ዕለት አፈርኩ። ለዓመታት በጥናቶቼ «ገበሬው አዲስ ነገር ይፈራል» እያልኩ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ የጻፍኩት ግን ስለ ፍርሃት ሳይሆን ስለ ዕዳ ነበር።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ነገ መጠይቅ ይዛችሁ ወደ መንደር ስትወጡ «ምን ተከልህ?» ብቻ አትበሉ፤ «ቢበላሽብህ ማን ይሸፍንልሃል?» ብላችሁም ጠይቁ። ወገኖቻችን ለቀብር ዕድር አላቸው፤ ለማረሻ በሬ ሲጎድል መቀናጀት ያውቃሉ። ለውኃ መሳቢያ ሞተር ጥገና በጋራ የሚዋጣ ገንዘብ ቢኖር አንድ ገበሬ ስንት ጥማድ ይጨምር ይሆን? ይህ በአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊፈተን የሚችል ጥያቄ ነው፤ የሚሠራው ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው።

ወንድሜ ያን ውድድር ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ብስክሌቱን ግን እንደተረከበው፣ ሳይጎብጥ ለባለቤቱ መለሰ። ዛሬም በዚያ ይኮራል። እኔም የሽቅድምድም ውጤት ባነበብኩ ቁጥር፣ ማን ቀደመ ከማለቴ በፊት የማን ብስክሌት ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።