ቁስ አካልን በ15 ደቂቃ

መቀመጫውን ለንደን ያደረገው የቁሳቁስ፣ የማዕድናትና የማዕድን ሥራ ተቋም ለወጣቶች በሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የንግግር ውድድር፣ ዕድሜያቸው ከ28 ዓመት ያልበለጠ ተመራማሪዎች መድረክ ላይ ይወጣሉ። በየአገራቸው አሸንፈው የመጡ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠው 15 ደቂቃ ነው፤ የዓመታት የቤተ ሙከራ ልፋት በዚያች ጊዜ ውስጥ መነገር አለበት።

ከባድ ፈተና ነው!

ስለ ዝገት ወይም ስለ ሲሚንቶ የሚቀርብ ንግግር በስሙ ብቻ ሰው አይጠራም። የግኝቱ መንገድ ሲተረክ ግን ጆሮ ይቆማል። በ2004 እ.ኤ.አ. በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ያደረጉትን እንውሰድ። ግራፋይትን፣ ማለትም የእርሳስ እምብርት የሚሠራበትን ጥቁር ማዕድን፣ በተራ የቢሮ ፕላስተር ደጋግመው ላጡት። መጨረሻ ላይ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ ንጣፍ አገኙ፤ ግራፊን ይባላል። ከብረት የጠነከረ፣ ኤሌክትሪክንም በሚገባ የሚያስተላልፍ ነው። በ2010 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ኖቮሴሎቭ ገና 36 ዓመቱ ነበር።

ወጣቶቹ ተወዳዳሪዎችም የሚለማመዱት ይህንኑ ነው፦ ቀመሩን ሳያዛቡ፣ ፕላስተሩንም ሳይረሱ መናገር። ደግሞም ሥራቸውን ለሕዝብ ማስረዳት የቻሉ ተመራማሪዎች ነገ ድልድይና ባትሪ ሲሠሩ፣ ሕዝቡ ምን እንደሚሠሩለት ያውቃል።