ከአየር ትንበያ እስከ ክሊዮፓትራ



የቴአትር ተመራቂዎች፣ ብዙዎቻችሁ መሪ ተዋናይ ለመሆን ትመኛላችሁ፤ ተገቢ ምኞት ነው። ነገ የምታገኙት ሥራ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ የምትናገር ገጸ ባሕርይ ወይም የማስታወቂያ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ስለ ፈረንሳዊው ኮሜዲያን አላን ሻባ ላወራችሁ የወደድኩት ለዚህ ነው።

ሻባ እ.ኤ.አ. በ1958 አልጄሪያ፣ ኦራን ተወለደ፤ በልጅነቱም ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ሬዲዮ ላይ ሠራ፤ ቀጥሎም በ1980ዎቹ ካናል ፕሉስ በተባለው ያኔ ገና አዲስ በነበረ ጣቢያ የአየር ትንበያ አቀረበ። እዚያው ከሻንታል ሎቢ፣ ከዶሚኒክ ፋሩጂያና ከብሩኖ ካሬት ጋር «ሌ ኑል» የተባለውን የቀልድ ቡድን መሠረቱ። ዜናውንም ማስታወቂያውንም እየኮረጁ አገሩን ሲያስቁ ቆይተው፣ በ1989 መጨረሻ ካሬት ገና በወጣትነቱ አረፈ። ጓደኛን ቀብሮ ተመልሶ ሰው ማሳቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ሦስቱ ግን በቀጣዩ ዓመት በቀጥታ ስርጭት ተመለሱ፤ በ1994ም «የፍርሃት ከተማ» የተሰኘውን ፊልም አብረው ጽፈው ተወኑበት።

እኔ ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው «ዲዲዬ»ን ነው። በ1997 የወጣ፣ ሻባ ራሱ ያዘጋጀው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። የሚጫወተውም ድንገት ወደ ሰውነት የተለወጠ ውሻ ሆኖ ነው። እባካችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ቁመናው የሰው ነው፤ ጠባዩ ግን ያው የውሻ ነው፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ እየተጠጋ ያሸታል። አንድም ጊዜ «እየቀለድኩ ነው» የሚል ፊት አያሳየንም። እኛ የምንስቀው እሱ ስለማይስቅ ነው። ፊልሙ ለመጀመሪያ ሥራ የሚሰጠውን የሴዛር ሽልማት አስገኝቶለታል።

ከሦስት ዓመት በኋላ በአኜስ ዣዊ «የሌሎች ጣዕም» ፊልም ውስጥ ሾፌር ሆኖ መጣ። ሾፌሩ ለብቻው ዋሽንት ይለማመዳል፤ አይሳካለትም፤ መጨረሻ ላይ ግን ከሌሎች አማተሮች ጋር ተቀምጦ ሲነፋ እናየዋለን። እዚህ ጩኸት የለም፣ መፈንጠዝ የለም። ያንን ውሻ የተጫወተው ሰው ይህ ዝምተኛ ሾፌር መሆኑን ማመን ያቅታል።

በ2002 ያዘጋጀው የአስቴሪክስና የክሊዮፓትራ ፊልም በፈረንሳይ ብቻ ከ14 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጦለታል። ቄሳርንም የተጫወተው እሱው ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ «በርገር ኩዊዝ» የተባለ የጥያቄና መልስ ጨዋታ በቴሌቪዥን ይመራ ነበር፤ በ2018፣ ወደ ስድሳ ዓመት ሲጠጋ፣ እንደገና ተመለሰበት። መሪው ዝነኛ ቢሆንም እንግዶቹ እንዲያስቁ መድረኩን ይለቅላቸዋል። ይህ ከትወና የማያንስ ችሎታ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ብዙም አይመሰገንም።

የአየር ትንበያ አቅራቢው ደራሲም፣ አዘጋጅም፣ የጨዋታ መሪም ሆነ። ስለዚህ አሁን የምለምነው እዚህ የተገኛችሁትን የቴአትር ቤትና የቴሌቪዥን ኃላፊዎች ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ተዋናይ ነኝ ብሎ መጥቶ ድርሰት ቢያቀርብላችሁ አንብቡለት። አቅራቢ አድርጋችሁ የቀጠራችኋት ልጅ ላዘጋጅ ብትል አንድ ክፍል ስጧት፤ ባይሳካላት ሁለተኛ ስጧት።

እናንተም ተመራቂዎች፣ ሰኞ ጠዋት ቢሯቸውን አንኳኩ። እንኳን ደስ አላችሁ!